ከቃሊቲ እስከ አዳማ፦ የፀሐይና የንፋስ ኃይልን ከመኪና መስኮት አይቶ መለየት

ከአዲስ አበባ ከሚወጡት መንገዶች ለዚህ ጉዳይ የአዳማውን የሚያህል የለም። ከቃሊቲ ተነስተው አቃቂን፣ ገላንን፣ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፈው አዳማ እስኪገቡ ድረስ፣ ከአንዲት የሶላር ፓውዛ ጀምሮ 1.5 ሜጋዋት እስከሚያመነጭ የንፋስ ተርባይን ሁሉም ዓይነት በመስኮት ያልፋል። ብዙ ተሳፋሪ ግን ያያል እንጂ አይለይም። የውሃ ማሞቂያውን «መብራት የሚያመነጭ» ይለዋል፤ የቆመውን ተርባይን «ተበላሽቷል» ይለዋል።

ያዩት ነገር ምን እንደሆነ መለየት ቀላል ነው። አቅሙን መገመት ትንሽ ስሌት ይጠይቃል። በዚያች ሰዓት እየሠራ መሆኑን ማወቅ ግን ከሁለቱም ይከብዳል፤ ዋናውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም የመሣሪያው ታርጋ (አምራቹ የለጠፈበት ሰሌዳ) ላይ የተጻፈው አቅምና በሰዓቱ የሚወጣው ኃይል እምብዛም አይገናኙም።

መንገዱ፣ መቀመጫውና ሰዓቱ

የፍጥነት መንገዱ ከቱሉ ዲምቱ ይነሳል፤ ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለማየት ብሎ ዳር ይዞ መቆም ክልክል ስለሆነ ለፀሐይ ኃይል አይመችም፤ ያዩት ነገር ሳይጨርሱት ያልፋል። አሮጌው መንገድ በየከተማው መሐል ስለሚያልፍ፣ ሚኒባሱም በየፌርማታው ስለሚቆም ጣሪያና አጥር በደንብ ያሳያል። በአሮጌው መንገድ ሄዶ በፍጥነት መንገዱ መመለስ ጥሩ ነው። ተርባይኖቹ ከሁለቱም ይታያሉ።

የሚያስፈልገው ስልክ (ለሰዓት መቁጠሪያውና ለኮምፓሱ)፣ ማስታወሻ ደብተርና የራስዎ አውራ ጣት ነው። ጋቢና ከተገኘ ጋቢና፤ ካልተገኘ ከኋላ በስተግራ በመስኮት በኩል ይቀመጡ። የግራው ምክንያት አለው፦ መንገዱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል፤ በትክክል የተገጠመ ፓነል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደቡብ ይመለከታል። ስለዚህ ወደ አዳማ ሲሄዱ በግራ በኩል ያሉት ፓነሎች ፊታቸውን ያሳያሉ፤ በቀኝ በኩል ያሉት ጀርባቸውን። የሚያሽከረክር ሰው አይቆጥርም፤ የቆጠራው ሥራ የተሳፋሪው ነው።

ጠዋት ፀሐይ ከፊት ስለምትመታ ተርባይኖቹ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆነው ይታያሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከጀርባ ስለሚመጣ ክንፋቸውና አቅጣጫቸው ይለያል። ከወቅት ደግሞ ዝናብ አቧራውን አጥቦ በሄደበት በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት አየሩ ጥርት ይላል፤ በጥርና በየካቲት ጭጋጉና አቧራው ሩቁን ይጋርዳል።

ከቃሊቲ እስከ ቢሾፍቱ፦ ጣሪያና ምሰሶ

መጀመሪያ የውሃ ማሞቂያውን ከፓነል ይለዩ። ከላይ አግድም የተኛ በርሜል፣ ከሥሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ጥቁር የመስታወት ቱቦዎች ካሉት ሙቅ ውሃ እንጂ ኤሌክትሪክ አይሰጥም። በመኖሪያ ቤት ጣሪያ ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ቱቦ ያለው፣ ከ150 እስከ 200 ሊትር የሚይዝ ነው። በከተማው ዳርቻ የሚያበላሸው የውሃ ፈረቃ ነው። ውሃ ጠፍቶ ቱቦው ባዶውን ፀሐይ ሲመታው ውሎ በእኩለ ቀን ውሃ ድንገት ሲለቀቅበት መስታወቱ ይሰነጠቃል። ውሃ የሚጠፋበት ሰፈር ያለ ሰው ውሃው ቀን ከመጣ ማሞቂያውን ዘግቶ ማታ ወይም ማለዳ ይሙላው። ቀርበው ካዩት ሌላ ምልክትም አለ፦ ጤነኛ ቱቦ ታችኛው ጫፉ እንደ መስታወት ብርማ ነው፤ ነጭ ወተት ከመሰለ ውስጡ አየር ገብቷል፤ ያ ቱቦ ሙቀት አይይዝም።

ፓነል በርሜልም ቱቦም የለውም፤ ጠፍጣፋ ሆኖ በአልሙኒየም ፍሬም የታሰረ ነው። ሰማያዊ ሆኖ የተሰባበረ በረዶ የመሰለ ቅርጽ ካለው የቀደመው ዓይነት ነው፤ ወጥ ጥቁር ከሆነ አዲሱ ነው። በመሐሉ አግድም ሰፋ ያለ መስመር ካለው ሴሎቹ (ፀሐይን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ትንንሽ ቁራጮች) ለሁለት የተከፈሉበት የቅርብ ጊዜ ምርት ነው።

አቅሙን ለመገመት ጣሪያው ራሱ መለኪያ ይሆናል። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው የቤት ቆርቆሮ የሚያህል ፓነል (1 ሜትር በ2 ሜትር ገደማ) ከ330 እስከ 400 ዋት ነው። ከእሱ አጠር ያለው፣ 1.65 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከ250 እስከ 330 ይደርሳል። በቅርብ የመጣው 2.28 ሜትር በ1.13 ሜትር የሆነው ትልቁ 550 ዋት ገደማ ነው። መጠኑ ግራ ካጋባ በካሬ ሜትር ለአሮጌ 150፣ ለአዲስ 200 ዋት ይያዙ። ከዚያ ዋቱን በቀን በሚገኘው የ5 ሰዓት ርዝመት ጠንካራ ፀሐይ፣ ውጤቱን ደግሞ ለሙቀት፣ ለአቧራ፣ ለሽቦና ለባትሪ ብክነት በ0.7 ያባዙ። አራት 400 ዋት ፓነል ያለው ጣሪያ በበጋ ቀን 1600 × 5 × 0.7፣ ማለትም 5.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ስለሚከብድ ከዚህ በደንብ ዝቅ ያድርጉት።

ይህ ስሌት አንድ የተለመደ ብስጭትም ያስረዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ባለ ሁለት ፓነል ጣሪያ ያለው ቤት ቴሌቪዥንና አምፖል ያበራል፤ እንጀራ ግን አይጋግርም። ምጣድ የሰካ ሰው ኢንቨርተሩ (የፓነሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚለውጠው መሣሪያ) ሲጮህና ሲጠፋ «ሶላሩ አይረባም» ይላል፤ ሶላሩ ደህና ነው፣ ልኩ ነው ያልተሠራለት።

ቀጥሎ ዘንበል ማለቱን ይመልከቱ። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆኑ ፓነል ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል ይበቃዋል፤ ከርቀት ሲታይ የተኛ ነው ሊባል ትንሽ የቀረው። ከሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት ማግስት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የእኩለ ቀኗ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን፣ 35 እና 40 ዲግሪ ቀጥ ብሎ የተገጠመ ፓነል በእነዚያ ወራት ፀሐይን በጎን ያገኛታል። እንዲህ ያለ አገጣጠም ካዩ ለአውሮፓ የተጻፈ መመሪያ ተገልብጧል ብሎ መጠርጠር ነው። ፍጹም ጠፍጣፋ የሆነውም አይመከርም፤ ዝናቡ አቧራውን አይወስደውም፣ ጭቃው ከፍሬሙ ጠርዝ ሥር ይቀራል።

ትልቁ ጥፋት ግን ጥላ ነው፤ በከተማው ዳር ብዙውን ጊዜ ጥላውን የሚጥለው ሮቶ ነው። ፓነሉም ሮቶውም ቦታቸው ጣሪያ ስለሆነ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በፓነል ውስጥ ሴሎቹ ተከታትለው የተያያዙ ናቸው፤ አንዷ ሴል ጥላ ሲያርፍባት በረድፏ ያለውን ፍሰት ሁሉ ታንቃለች። አብዛኛው ፓነል ለሦስት የተከፈለ መከላከያ ስላለው የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ የፓነሉን ሲሶ ሊያጠፋ ይችላል፤ በአንደኛው ጠርዝ ሦስቱንም ክፍሎች የሚያቋርጥ ጥላ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉንም። ስለዚህ ጣሪያ ሲያዩ የሮቶውንና የባሕር ዛፉን አቅጣጫ አብረው ይዩ። ሮቶው ከፓነሉ በስተሰሜን ከሆነ አብዛኛውን ዓመት ችግር የለም፤ በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ከሆነ የጠዋቱን ወይም የማታውን ምርት ይበላል።

በገላንና በዱከም የፋብሪካውና የከባድ መኪናው አቧራ ሌላው ነው። ፓነሉ ግራጫ መስሎ ከታየና ከታችኛው ጠርዝ ቡናማ መስመር ከሠራ ከታጠበ ቆይቷል። ማጠብ ማለዳ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት፣ በንጹህ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ነው፤ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላል። ኦሞና ሽቦ አያስፈልግም።

የቴሌኮም ማማዎችንም ልብ ይበሉ። ከማማው ሥር በአጥር ውስጥ የፓነል ረድፍ ካለ፣ አጠገቡ ጀነሬተርና የባትሪ ካቢኔ አይጠፋም፤ እንዲህ ሲሆን ፓነሉ ነዳጅ ለመቀነስ እንጂ ብቻውን እንዲሠራ አይደለም የተገጠመው።

ሞጆ ዙሪያ

እዚህ ዓይንዎን ከጣሪያ ወደ ማሳ ያውርዱ። ሽንኩርትና ቲማቲም ባለበት መሬት ላይ በብረት እግር የቆሙ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ፓነሎች፣ አጠገባቸው ጉድጓድና ከፍ ያለ ታንከር ካዩ የሶላር ፓምፕ ነው። ባትሪ አይኖረውም፤ ታንከሩ ራሱ ነው ማጠራቀሚያው። እየሠራ መሆኑን ከታንከሩ መግቢያ ቧንቧ ያዩታል፤ በእኩለ ቀን ጥርት ባለ ሰማይ ውሃ ካልመጣ ወይ ታንከሩ ሞልቶ ተንሳፋፊው ዘግቶታል፣ ወይ የጉድጓዱ ውሃ ወርዶ መከላከያው ፓምፑን አቁሞታል። ፓነሉን መጠርጠር መጨረሻ ነው።

ተርባይኖቹ

ከሞጆ በኋላ ወደ አዳማ ሲቃረቡ በኮረብታው ጀርባ ላይ ነጫጭ ማማዎች ይወጣሉ። ሁለት ጣቢያዎች ናቸው፤ አንድ አድርገው እንዳይቆጥሯቸው። አዳማ አንድ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቀ ሲሆን 34 ተርባይን፣ 51 ሜጋዋት አለው። አዳማ ሁለት እ.ኤ.አ. በ2015 ተመረቀ፤ 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋዋት። በሁለቱም እያንዳንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋዋት ነው፤ ድምሩ 136 ተርባይን፣ 204 ሜጋዋት። ለማነጻጸር፣ ከዚያው ብዙ ሳይርቅ ያለው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋዋት ገደማ፣ በአቃቂ በኩል ያለው አባ ሳሙኤል ደግሞ 6.6 ሜጋዋት ናቸው። አምስት ተርባይን በሙሉ አቅሙ ሲዞር አባ ሳሙኤልን ይበልጣል።

ሁለቱን ጣቢያዎች የሚለያቸው ከማማው ጫፍ ያለው ሳጥን ነው። የአዳማ አንዱ፣ ጎልድዊንድ የተባለው የቻይና ኩባንያ ሥራ፣ ማርሽ ሳጥን የለውም፤ ጀነሬተሩ በቀጥታ ከክንፎቹ ጋር ስለሚዞር ሰፊና አጭር፣ ከፊቱ ወፈር ያለ ነው። የአዳማ ሁለቱ፣ ሳኒ የተባለው ሌላው የቻይና ኩባንያ ሥራ፣ ማርሽ ሳጥንና ፈጣን ጀነሬተር በተርታ ስለያዘ ወደ ኋላ ረዘም ያለ ሳጥን ይመስላል። ይህን ለመለየት ከጎን ማየት ያስፈልጋል፤ ከፊት ሁሉም አንድ ናቸው።

ርቀቱን በአውራ ጣት ይለኩ። ክንፎቹ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር 77 ሜትር ነው። እጅዎን ሙሉ ዘርግተው አውራ ጣትዎን ያቁሙ፤ ክቡ በጣትዎ ስፋት (2 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ልክ ከተሸፈነ ተርባይኑ 2.5 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። የጣትዎን ግማሽ ብቻ ከያዘ 5 ኪሎ ሜትር ነው።

ፍጥነቱን ሲቆጥሩ አንዱን ክንፍ በዓይን ለመከተል አይሞክሩ፤ ያምታታል። በማማው ላይ የሚያልፉትን ክንፎች ይቁጠሩ። አሥር ክንፍ በ12 ሰከንድ ገደማ ካለፈ በደቂቃ 17 ጊዜ እየዞረ ነው፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ እዚያ ነው፣ የክንፉም ጫፍ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አሥሩ 20 ሰከንድ ከወሰዱ ነፋሱ ደካማ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ተርባይኑ ሙሉ ፍጥነቱን የሚይዘው ሙሉ ኃይሉን ከመስጠቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ሲጨምር ፍጥነቱ ብዙም አይለወጥም፤ የሚጨምረው ጀነሬተሩን የሚገፋው ጉልበት ነው። ስለዚህ በፍጥነት የሚዞር ሁሉ ሙሉ እያመነጨ ነው ማለት አይደለም።

ምርቱን ለመገመት የነፋሱን ፍጥነት ማወቅ ግድ ነው። መኪናው ራሱ ነፋስ ስለሚፈጥር እጅ በመስኮት አውጥቶ መገመት አይሆንም፤ የቆሙ ነገሮችን ይዩ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቀጭን ቅርንጫፍ ሳያቋርጥ ከተነቃነቀ በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ሜትር ነው። አቧራ ከተነሳ፣ ፌስታልም ከመሬት ተነስቶ አጥር ላይ ከተለጠፈ ከ6 እስከ 8፤ ትንንሽ ዛፎች ሙሉ በሙሉ ከተወዛወዙ ከ8 እስከ 10፤ ትላልቅ ቅርንጫፎች ከታጠፉና ሽቦ ካፏጨ ከ11 በላይ ነው። በማማው ከፍታ ነፋሱ ከመሬቱ ይበልጣል፤ ሩብ ያህል ይጨምሩበት። ሜዳው ጸጥ ብሎ ተርባይኑ የሚዞረውም ለዚህ ነው።

የንፋስ ኃይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ድርብ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ነው። በአካባቢው ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ አንዱ ተርባይን በማማው ከፍታ ላይ በግምት እንዲህ ይሰጣል፦ በሰከንድ 6 ሜትር ሲነፍስ 200 ኪሎዋት፣ በ8 ሜትር 480፣ በ10 ሜትር 930፣ በ12 ሜትር ሙሉው 1500። በምጣድ ሲታሰብ የመጀመሪያው 57 ምጣድ፣ የመጨረሻው 428 ምጣድ በአንዴ ያሠራል። በዓመት አማካይ ጣቢያዎቹ የሚሰጡት ከታርጋው ሲሶ ገደማ ስለሆነ፣ «204 ሜጋዋት» ሲባል ሁልጊዜ 204 እየፈሰሰ ነው ብሎ መውሰድ ስህተት ነው።

የቆመ ተርባይን ሲያዩ ወዲያው ተበላሽቷል አይበሉ። መጀመሪያ ጎረቤቶቹን ይዩ። ሁሉም ከቆሙና ዛፉም ከቆመ ነፋስ የለም፤ በሰከንድ 3 ሜትር ካልደረሰ አይነሱም። ዛፉ እየተወዛወዘ ሁሉም ከቆሙ ችግሩ ከተርባይን ሳይሆን ከመስመሩ ወይም ከማከፋፈያ ጣቢያው ሊሆን ይችላል፤ የሚቀበለው መስመር ከሌለ ተርባይን ራሱን ያቆማል። አንዱ ብቻ ቆሞ ሌሎቹ ከዞሩ ጥገና ወይም ብልሽት ነው፤ ከሥሩ ፒክአፕ ቆሞ ካዩ ሠራተኞቹ ላይ ናቸው። በጣም ኃይለኛ አውሎ ሲመጣም (በሰከንድ ከ22 እስከ 25 ሜትር) ራሳቸውን ያቆማሉ፤ ይህ እምብዛም አያጋጥምም። የቆመው ክንፍ ስለታም ጠርዙን ለነፋሱ ከሰጠ ሆን ተብሎ ታጥፏል ማለት ነው። እንዲሁ ታጥፎ ቀስ ብሎ የሚንቀዋለልም አለ፤ ያ ይዞራል እንጂ አያመነጭም።

ፊታቸው የነፋሱን መነሻ ይነግርዎታል። በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅና ከምሥራቅ ስለሚመጣ ፊታቸውን ወደዚያ ያዞራሉ፤ በክረምት ይገለበጣል፣ ይደክማልም። ይህ ለአገሪቱ የበጀ ነው፦ ግድቦች በሚጎድሉበት ደረቅ ወቅት ነፋሱ ይበረታል።

ወደ ተርባይኖቹ መጠጋት የፈለገ ማሳው የገበሬ መሆኑን አይርሳ፤ ከማማ ማማ በጤፉ መሐል ሳይሆን በኮረኮንቹ መንገድ ይሂድ። ከክንፎቹ ሥር አይቁሙ፤ ከማማው ሥር ያለውን የትራንስፎርመር ሳጥን አይንኩ። በማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ካሜራ ማውጣት ከጥበቃ ጋር ያጋጫል፤ ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብም።

ሌሎቹ መውጫዎች

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚቀጥል ሰው ኢተያ አካባቢ በጣም ግዙፍ ተርባይኖች ያገኛል። 29 ብቻ ናቸው፤ አቅማቸው ግን 100 ሜጋዋት ነው፣ የክባቸውም ስፋት 132 ሜትር። የአውራ ጣቱ ስሌት እዚያ ይቀየራል፤ ጣት የሸፈነው 4.3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሆለታ በኩል የሚወጣ ተሳፋሪ ንፋስ አያገኝም፤ ከህዳሴ ግድብ የሚመጣውን 500 ኪሎ ቮልት መስመር ግን ያያል። መስመር ለመለየት ሽቦውን ከማማው የሚያንጠለጥሉትን የመስታወት ወይም የሸክላ ሳህኖች ይቁጠሩ፦ አሥር ገደማ ከሆኑ 132 ኪሎ ቮልት፣ አሥራ አምስት ገደማ 230፣ ከሃያ በላይ 400 እና ከዚያ በላይ። በለገጣፎና በሱሉልታ ዋናው ትዕይንት የጣሪያ ውሃ ማሞቂያ ነው።

ሲመሽ፦ የሶላር የመንገድ መብራት

ሲመለሱ ከመሸ የቀረው የመንገድ መብራቱ ነው። አራት ክፍል አለው፦ ፓነል፣ ባትሪ፣ ኮንትሮለር (የባትሪውን መሙላትና የመብራቱን መብራትና መጥፋት የሚቆጣጠረው) እና አምፖል። ባትሪው በምሰሶው ላይ በሳጥን፣ ከሥሩ ተቀብሮ ወይም ከአምፖሉ ጋር በአንድ አካል ይሆናል፤ ቀድሞ የሚሞተውም እሱ ነው። የአሲድ ባትሪ በየቀኑ እየሞላና እየጎደለ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ይቆያል፤ የሊቲየሙ በጣም ይበልጠዋል።

ምሽት 1 ሰዓት ላይ በርቶ 4 ሰዓት ሳይሞላ የሚጠፋ መብራት ባትሪው ደክሟል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደብዘዝ ካሉ ኃይል ለመቆጠብ የተሞላላቸው ሰዓት ነው፤ ብልሽት አይደለም።

የአምፖሉንም ዋት ማመን አይገባም። «1000 ዋት» ተብሎ የሚሸጥ፣ ከጀርባው 40 በ60 ሴንቲ ሜትር ፓነል የያዘ ፓውዛ በየሱቁ አለ። ያ ፓነል ቢበዛ 45 ዋት ነው፤ በቀን 45 × 5 × 0.7፣ ማለትም 157 ዋት ሰዓት ይሰበስባል። ለ12 ሰዓት ሲካፈል 13 ዋት ይሆናል። በትክክል 60 ዋት አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ለማብራት 200 ዋት ገደማ ፓነል፣ ማለትም ቢያንስ አንድ ካሬ ሜትር ከምሰሶው አናት ላይ መታየት አለበት።

በቀን በርቶ የሚያዩት የሶላር መብራት ደግሞ ሰዎች «ረስተውት ነው» የሚሉት ነው። ማንም አልረሳውም። አብዛኛው ኮንትሮለር መንጋቱን የሚያውቀው ከፓነሉ በሚመጣው ቮልቴጅ ነው፤ ከፓነሉ የሚመጣው ገመድ ከተቆረጠ ወይም መያዣው ከዛገ ለእሱ ሁልጊዜ ሌሊት ነው። ስለማይሞላም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ባትሪው አልቆ ይጠፋል። የግቢዎ መብራት ይህን ካሳየ አምፖልም ባትሪም ከመግዛትዎ በፊት ከፓነሉ ጀርባ ካለው ሳጥን እስከ ኮንትሮለሩ ድረስ ገመዱን ይፈትሹ፤ በቀን ከፓነሉ በኩል ቮልቴጅ ከተገኘና ኮንትሮለሩ ላይ ከጠፋ ብልሽቱ በመሐል ነው።